መርዝ የለውም ያልኩት ጓያ

ባለፈው ሰኔ መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ለመቀነስ አስቦ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አምስት ያለፈ በፈቃዳቸው ጡረታ ሊወጡ እንደሚችሉ የሚገልጽ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከለጠፈው ተላላኪ ቀጥሎ ያነበብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። በስንብቱ ዕለት አለቃችን ከወረቀት ላይ ባነበቡት ንግግር፣ «ሕይወቱን ለሰብል ጥራት መሻሻል የሰዋ» ተባልኩ። የተሰዋው ሰው የተሸለመውን ብርድ ልብስ በብብቱ ሸጉጦ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት በሁለት ታክሲ ጎፋ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ምን እንደነበር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ሥራ ላይ ሳለሁ ግን አንድም የጠየቀኝ አልነበረም። የሰፈራችን ባለሱቅ ማዳበሪያ ስሠራ የኖርኩ ይመስለዋል። ብስራተ ገብርኤል የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ባዮቴክኖሎጂ የሚለውን ቃል በሬዲዮ ሰምቶ፣ ድንችን ከላም ጋር የምናዳቅል መስሎት፣ እንዲህ ያለው ድንች በጾም ይበላ እንደሆነ ከልቡ ተጨንቆ ጠይቆኛል። እውነቱን ለመናገር ከሥራ ዘመኔ ገሚሱን ጠርሙስ ሳጥብ፣ ሌላውን ገሚስ ተክል እስኪያድግ ስጠብቅ ነው ያሳለፍኩት።

የሥራ ትዝታውን የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ አገር አድኗል፣ ወይ ተበድሏል። እኔ አገር አላዳንኩም፤ የበደለኝም የለም። በደሉ ከእኔ ወገን ነው፤ እሱንም የፈጸምኩት በአንዲት ቃል ነው። ይህን የምጽፈው ስለዚያች ቃል ነው፤ እሷ ዘንድ ለመድረስ ግን ጥቂት መንገድ አለ።

ሥራ የጀመርኩት ለውጭ ገበያ የሚላክ ጥራጥሬ በሚመረመርበት መጋዘን ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይም ለመጽሐፍም ይበቃል፤ ለሁለቱም በአንድ ወር ግን አይበቃም። አለቃዬ አቶ ገበየሁ የሚባሉ፣ ጥርሳቸው በከፊል የረገፈ ሰው ነበሩ። መሣሪያ አያምኑም። ከጆንያው አንዲት ፍሬ መዘው፣ በጎን በኩል በቀሩት ጥርሶች መሐል ያስገቡና ቀስ ብለው ነክሰው ድምፁን ያዳምጣሉ። ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ይጫን፤ ዝም ካለ ርጥብ ነው፣ ይመለስ። ሦስት ዓመት ሙሉ ባቄላና ሽምብራ ስነክስ ከረምኩ። ከዚያ በምዕራብ በኩል ወዳለ የቡና ችግኝ ጣቢያ ተዛወርኩ። እዚያ ብዙ ዓመት ኖሬ የተማርኩት ወባ መታመም ነው። ጣቢያው አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ መጻሕፍት ነበሩት፤ ከምስጥ ጋር እየተሻማን ጨረስናቸው።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ አዲስ አበባ ተመለስኩና ጎፋ ውስጥ በተከፈተ ትንሽ ላቦራቶሪ ተመደብኩ። ቤቱ ቀድሞ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ስለነበር፣ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ኖራ ተቀብቶም የሞተር ዘይት ይሸት ነበር። ሥራ ያስተማሩኝን ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው።

ዶክተር አስካለ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቡልጋሪያ የተማሩ፣ አጠር ያሉና ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋዋን ለብሼ ፊታቸው ስቆም፣ ጋዋኑን ትተው የሱሪዬን ቅልብሽ እንድዘረጋ አዘዙኝ። ከውስጡ አንድ የሣር ፍሬና ሁለት ምስር ወደቀ። «ከዛሬ ጀምሮ ቅልብሽ የሌለው ሱሪ አሰፋ» አሉኝ። ወደ ሙከራ ማሳ የሚገባ ሰው ሁሉ በእሳቸው ዘንድ ሳያውቅ የሌላ ማሳ ዘር የሚያመጣ ተጠርጣሪ ነበር፤ ለጉብኝት የመጡ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሳይቀሩ በአጃቢዎቻቸው ፊት ቅልብሻቸውን ዘርግተዋል።

ሌሎችም ልማዶች ነበሯቸው። ስም የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው፤ ቀለም ውኃ ያጥበዋል፣ እርሳስ ግን ይከርማል ይሉ ነበር። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ አንድ፣ በመዝገብ ላይ አንድ፣ በራሳቸው ትንሽ ደብተር ላይ ሌላ አንድ ይጽፋሉ። ስሙ የጠፋበት ጠርሙስ ሲያገኙ ያለ ክርክር ይደፉታል። «ስሙ የጠፋ ዘር እህል ነው፤ ወደ ድስት እንጂ ወደ ማሳ አይገባም» የምትል አባባል ነበረቻቸው። ማሳ ሲጎበኙ ደግሞ ቀጥታ አይገቡም። መጀመሪያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጥሩን በውጭ በኩል ሙሉ ይዞሩታል። እኔ ለጉልበታቸው ሐኪም ያዘዘላቸው እንቅስቃሴ ይመስለኝ ነበር።

ሥራችን እንዲህ ነበር። ከጓያ ቡቃያ ላይ ጥፍር የምታህል ግንድ ይቆረጣል፣ በተበጠበጠ በረኪና ይታጠባል፣ በአልኮል መብራት ነበልባል ፊት በተለበለበ ምላጭ ይከፈላል፣ ከዚያ ስኳርና ማዕድን በተቀላቀለበት የረጋ ምግብ ላይ ይቀመጣል። ወር ሲሞላው እንደ አይብ ያለ ነጭ እብጠት ያወጣል። ዕድለኛ ከሆንን ከእብጠቱ አንዲት አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ትላለች፤ ዕድለኛ ካልሆንን ሻጋታ። በዚህ መንገድ የተወለደ ተክል አልፎ አልፎ እናቱን አይመስልም። እኛ የምንጠብቀው ያንን የማይመስለውን ነበር።

ምግቡን የሚያረጋው አጋር የሚባል ነገር ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ማለትም አይመጣም። አንድ ጊዜ ለአምስት ወር ስንጠብቅ ዶክተር አስካለ ተነሥተው ቡላ እንድገዛ ላኩኝ። የእንሰት ቡላ ለአራስ ይመቻል፤ ለጓያም ተመቸው። የፋይናንስ ክፍሉ ግን የግዥ ጥያቄውን፣ ለሠራተኛ ቁርስ በጀት አልተያዘም ብሎ መለሰው። ጠርሙሶቻችን የማርማላታ ጠርሙሶች ነበሩ፤ የምናፈላቸውም ምስር መቀቀያ በሆነ የግፊት ድስት ነው። ባዮቴክኖሎጂ ሲባል ጸጥ ያለ የሚያብረቀርቅ ክፍል የሚታየው አንባቢ፣ በዚህ ቦታ ላይ የሚያፏጭ ድስት ይጨምርበት።

ጓያን ለማያውቅ ከተሜም ጥቂት ልበል። ዝናብ ሊወጣ ሲል ጥቁር አፈር ላይ የሚዘራ ጥራጥሬ ነው። ብዙ እርሻ አይፈልግም፣ ድርቅ አይፈራም፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይቆማል። ሽሮው ይጣፍጣል፤ አንባቢዬም ስሙን ሳይጠይቅ በልቶት ይሆናል፤ ትንሽ በትንሽ ከሌላ ጋር ሲበላ ጉዳት የለውም። ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን አንድ ቀን ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። ከዚያ ወዲያ አይመለስም። ጓያ ከረሃብ ያድናል፤ ዋጋውን የሚቀበለው በእግር ነው።

እናቶች መርዙን በስም አያውቁትም። አንዳንዷ እንፋሎቱ ነው ትላለች፣ አንዳንዷ ገለባው ላይ መተኛት ነው። የሚያደርጉት ግን ትክክል ነው፦ ያሳድሩታል፣ ይዘፈዝፉታል፣ ውኃውን ይደፉታል፣ ከገብስ ጋር ይፈጩታል። የእኛ ዓላማ ይህን ሁሉ ድካም የማይጠይቅ ጓያ ማውጣት ነበር። ጥሩ ዓላማ ነው። ዛሬም አልክደውም።

የሙከራ ማሳችን ላፍቶ ነበር፤ ላፍቶ ያን ጊዜ ከተማ መሆኗን በደንብ ያልሰማች ቦታ ነበረች። ከለቡ መብራት ኃይል በኩል ወርደን፣ ጭቃ ከሆነ ጫማችንን ይዘን እንደርሳለን። ከማሳችን አጠገብ የሚያርሱት አቶ ቱሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደሚቱና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸው ጫልቱ ነበሩ። የአቶ ቱሉ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደበላም አብረዋቸው ይኖራሉ። ጋሽ ደበላ በወጣትነታቸው በአንድ ክፉ ዘመን ክረምቱን ጓያ ብቻ በልተው ነበር። በሁለት ምርኩዝ፣ በእግራቸው ጣት ጫፍ፣ ጉልበታቸው እየተጋጨ ነው የሚሄዱት። ምላሳቸው ግን ያለ ምርኩዝ ይሄዳል። ዶክተር አይደለሁም ብላቸውም ዶክተር ይሉኛል፤ ትምህርቴን አክብረው እንዳልሆነ ያስታውቃል። አንድ ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ የምንሠራውን ሳስረዳቸው ሰሙኝና፣ ጓያ እኛን ሲሰብር ኖረ፣ እናንተ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ከታችሁ ትሰብሩታላችሁ፣ ደም መመለስ ነው እንግዲህ አሉ።

የመርዙ ምርመራ ቀላል ግን አሰልቺ ነው። ፍሬው ተፈጭቶ ይነከራል፣ ይጠለላል፣ ይቀቀላል፤ በመጨረሻ ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ይጨመርበታል። መርዝ ካለ ብልቃጡ ቢጫ ይሆናል፤ በበዛ ቁጥር ይደምቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቢጫ ሳይ ኖርኩ። አንድ ቀን ከሰልፉ አሥራ ሰባተኛው ብልቃጥ ውኃ መሰለ። ዶክተር አስካለ አዩትና ኬሚካሉን ረስተሃል አሉኝ። ደገምኩት። ፍሬውን ረስተሃል አሉኝ። ሦስተኛውን ራሳቸው ሠሩት፤ ዓይን የማይሞላ፣ የገረጣ ገለባ የሚመስል ቀለም ወጣ። በእርሳስ «17» ብለው ጻፉ። ደስታቸውን የገለጹት ያን ቀን በአሥር ሰዓት ወደ ቤታቸው በመሄድ ነው።

አሥራ ሰባት ነጭ አበባ ነበረው፤ የላፍቶ ገበሬ ጓያ ሰማያዊ ነው። ዶክተር አስካለ ትንሽ ማሳ ላይ ሲያባዙት ቆዩና ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ ሄዱ። ቁልፉን ለእኔ፣ ወንበራቸውን ለአንድ ጊዜያዊ ኃላፊ ተዉ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ «ስርጭት» የሚለውን ቃል ብቻ ከልክ በላይ ይወዱ ነበር። ምርምሩ መቼ ገበሬ ጋ ይደርሳል እያሉ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል። እኔም ጥያቄውን ወደድኩት። ዓመታት ጠርሙስ ያጠበ ሰው፣ እጁ ያፈራው ነገር ማሳ ላይ ሲታይ ማየት ያምረዋል። ኃላፊው ገፋፉኝ ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ አልገፋፉኝም፤ ተጠርቼ እንደሚሄድ ሰው ሄድኩ።

የማሳው ጥበቃ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ፣ ከስልጤ የመጡ ትጉህ ሰው ነበሩ። በዚያው ሰሞን ትልቅ ቆርቆሮ ማር ይዘውልን ይመጡ ጀመር። ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ጉሮሮ የማይዝ ማር ነው። ስድስታችንም የላቦራቶሪ ሰዎች ጠዋት ጠዋት በዳቦ እየጠቀስን እንበላ ነበር። ጣዕሙ ከየትኛው አበባ ሊሆን እንደሚችልም በሰፊው ተከራክረናል። አንዱ ባሕር ዛፍ ነው አለ፣ ሌላዋ አደይ ነው አለች። በተክል ማዳቀል ዲግሪ ያላቸው ሦስት ሰዎች በዚያ ገበታ ላይ ነበሩ። ቀፎው የት እንደተሰቀለ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ዶክተር አስካለ ከሄዱ ወዲህ አጥሩን በውጭ በኩል ዞሬው አላውቅም፤ ጉልበቴን አያመኝም ነበርና።

የዘሩ ማባዣ ማሳ ሲታጨድ የመመርመሪያው ኬሚካል አልቆ ነበር። አዲሱ እስኪመጣ ወራት ያስፈልጋል። የዘራሁትን ፍሬ መርምሬዋለሁ፤ ንጹሕ ነው። መጻሕፍቱ ደግሞ ጓያ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ነው ይላሉ። «በአብዛኛው» የምትለዋን ቃል አነበብኳት፤ አላየኋትም። እናቲቱን መርምሬ ልጁ ጤነኛ ነው አልኩ።

ዘሩን ለአቶ ቱሉ የሰጠነው የገበሬዎች ቀን ብለን ባዘጋጀነው ስብሰባ ላይ ነው። ኃላፊው ንግግር አደረጉ፣ ለስላሳ ታደለ። ሰዉ ሲበተን ወይዘሮ ደሚቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እንግዲህ ይሄን መዘፍዘፍ ቀረ?»

«ቀረ» አልኳቸው።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ ሰው አምኖ የሠራበት ቃሌ ግን ይህች አንዷ ናት።

አቶ ቱሉ መስከረም ላይ ዘሩት። አበባው ሲወጣ ጋሽ ደበላ ማሳው ዳር ተቀምጠው ጠበቁኝና በምርኩዛቸው ወደ ውስጥ ጠቆሙ። በነጩ መሐል እዚህም እዚያም ሰማያዊ ይታያል። ነጭ ነው ብላችሁን ነበር፣ እነዚህ ሰማያዊዎቹ የማን ዘመዶች ናቸው አሉኝ። አምና ከመሬቱ ላይ የቀረ ፍሬ ነው የበቀለው ብዬ መለስኩላቸው። የሚያሳምን መልስ ነበር፤ ራሴን አሳምኖኛል።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በረዶ ጤፉን ዘረገፈው። ጓያው ቆመ። አቶ ቱሉ የካቲት ላይ በሰፈሩ አይተው የማያውቁትን ምርት አገቡ። እዚያ አገር ዘር ወይም እህል የለመነን ጎረቤት መከልከል ነውር ነው፤ በተለይ ባለ ምርቱ በዚያ ዓመት አንድ ብቻ ሲሆን። ሰባት ጎረቤት ወሰደ። ከእህሉ ጋር ቃሌም አብሮ ተከፋፈለ፦ ይሄኛው መዘፍዘፍ አይፈልግም።

ዶክተር አስካለ ግንቦት ላይ ተመለሱ። በማግስቱ ላፍቶ ወረድን። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጥሩን በውጭ በኩል መዞር ሲጀምሩ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ከጋሽ ሸምሱ ጋር አወራ ነበር። ከወዲያ ጥግ በኩል ጠሩኝ። ከአጥራችን ውጭ፣ ከማባዣ ማሳው ግፋ ቢል ሃያ እርምጃ፣ ሁለት ግራሮች ላይ አምስት ቀፎ ተሰቅሏል። በቀፎዎቹ ማዶ የገበሬዎቹ የጓያ ማሳ ነው። ንቡ በሁለቱ መሐል ነው የሚኖረው። ጋሽ ሸምሱ በኩራት አንድ ሰሃን ማር አመጡ። ዶክተር አስካለ በጣታቸው ቀመሱ።

«ጥሩ ማር ነው» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ኅዳር ላይ እዚህ ምን ያብባል?»

መልሱን አንድ ዓመት ሙሉ በዳቦ በልቼዋለሁ።

ኬሚካሉን በሻንጣቸው ይዘው መጥተው ነበር። ከአቶ ቱሉ ጎተራ ያመጣነውን ፍሬ ከየቦታው እየለቀምን ሠላሳ ብልቃጥ ደረደርን። አንዳንዱ የገረጣ፣ አንዳንዱ እንደ እንቁላል አስኳል የደመቀ ቢጫ ሆነ። የቱ ፍሬ የቱ እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልም፤ በድስት ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይቻልም። ዶክተር አስካለ አልተቆጡኝም። ብልቃጦቹን አጥበው በአፋቸው ደፏቸው፣ እጃቸውን አደረቁ። ስንት ቤት እየበላው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ስምንት አልኳቸው። ከመቼ ጀምሮ፤ ከየካቲት አልኳቸው። ሲዘፈዝፉት እንደሆነ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ስለ «ቀረ» ነገርኳቸው።

«ነገ ትሄዳለህ» አሉኝ። «እኔ አብሬህ አልሄድም። ቃሉ ያንተ ነው።»

በማግስቱ ስምንቱ ቤተሰብ በአቶ ቱሉ ግቢ ተሰበሰበ። መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ንብ፣ ንቡ ከማሳ ማሳ ስለሚያመላልሰው የአበባ ብናኝ፣ ስለ ኬሚካሉ መዘግየት አስረዳሁ። ስጨርስ ያልገባቸው መሰለኝና ከመጀመሪያው ልጀምር ስል ጋሽ ደበላ ምርኩዛቸውን አነሡ።

«ዶክተር፣ ይበቃል። ይሰብራል ወይስ አይሰብርም?»

«ሊሰብር ይችላል።»

ጋሽ ደበላ ወደ ሰዎቹ ዞረው በኦሮምኛ አጭር ነገር ተናገሩ። የእኔ ሩብ ሰዓት በእሳቸው ዘንድ አራት ቃል ሆነ። ምን እንዳሉ አቶ ቱሉን ስጠይቃቸው፣ «እንደ ጥንቱ ብሉት ነው ያላቸው» አሉኝ። ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። አንድ ጎረቤት፣ እናታችን ታውቅ የነበረውን ለማወቅ ስንት ዓመት ተማራችሁ ብሎ ጠየቀኝ። ቆጥሬ ነገርኩት።

ወይዘሮ ደሚቱ ግን ከቤቱ ደፍ አልተነሡም ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጫልቱ እግሬ ይዝላል ማለት ከጀመረች ሳምንት ሆናት አሉ። ውኃ ስለምታመላልስ መስሏቸው ነበር።

ጋሽ ደበላ ልጅቷን ጠሯትና በግቢው ጥግ ካለው እንሰት እስከ በሩ እንድትሄድ አዘዟት። ሄደች። ተመለሽ አሏት። ተመለሰች። ፊቷን ማንም አላየም፤ ሁሉም ያየው እግሯን ነው። ጋሽ ደበላ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ መጀመሪያ የሚነሣው ተረከዝ ነው አሉኝ። ሰውየው ሳያውቀው ተረከዙ መሬቱን ይተወዋል፣ ከዚያ ጉልበቱ ይቀርባል። የእሷ እስካሁን መሬት ይነካል። ነገ ግን አላውቅም አሉ።

ዶክተር አስካለ ወዳጃቸው የሆኑ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ ጉልበቷን በመዶሻ መታ መታ አድርገው፣ ገና ለመናገር አይቻልም፣ ጓያውን ታቁምና ይታይ አሉ። መድኃኒት የለውም። ሰፈሩ የቀረውን ጓያ ገበያ ወስዶ በገብስ ለወጠ፤ ያልተለወጠውን እየዘፈዘፉ፣ ውኃውን እየደፉ፣ ከገብስ ጋር በሉት። ዶክተር አስካለ ቤታቸው በብረት ቆርቆሮ ካስቀመጡት የጥንቱ አሥራ ሰባት ፍሬ እንደገና ጀመሩ፤ አሁን እያንዳንዱን ተክል ሲያብብ በአጎበር ይሸፍኑታል። ጋሽ ሸምሱ ቀፎዎቹን ወደ ለቡ አዛወሩ። እኔ የሆነውን ሁሉ በሪፖርት ጻፍኩ፤ ወንበሩን ገና ያላስረከቡት ጊዜያዊው ኃላፊ ሦስት ገጹን «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» በሚል አንድ መስመር አሳጥረው ወደ ላይ ላኩት። በአጻጻፍ ረገድ ከእኔ የተሻሉ ነበሩ።

ክረምቱን በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ላፍቶ እወርድ ነበር። የማደርገው ነገር አልነበረም። ጋሽ ደበላ ደጃፍ ላይ በርጩማ ያቀርቡልኛል፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ ጫልቱ ከእንሰቱ እስከ በሩ ትሄዳለች። አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ የአንዲት ልጃገረድ ተረከዝ ሲመለከቱ ሌላ ሰው ቢያየን ምን ይል እንደነበር አላውቅም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ ቅዳሜ የግራ ተረከዟ የዘገየ መሰለኝ። ጋሽ ደበላን አየኋቸው፤ እሳቸውም አይተውታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ሌላው ጊዜ መሬት ነካ። ጭቃው ይሆናል አሉኝ። ይሆናል አልኩ። ያን ሳምንት ግን የተኛሁት እንቅልፍ ብዙ አልነበረም።

ጫልቱ በበኩሏ ሰለቻት። መጀመሪያ ላይ ዓይኗን ሰብራ ትሄድ ነበር፤ በኋላ ላይ እያጉረመረመች፤ ነሐሴ ላይ አንድ ጊዜ ፊቴ ቆማ፣ ጋሼ፣ ቅዳሜ ሌላ የሚሄዱበት ዘመድ የለዎትም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እናቷ ተቆጧት። ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ስደርስ ግቢው ውስጥ አልነበረችም። ወፍጮ ቤት ሄዳለች አሉኝ ጋሽ ደበላ። ተቀምጠን ጠበቅን። ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ደርቋል። ቆይቶ ከላይ ከጉብታው ጫፍ ላይ፣ ዱቄት በጀርባዋ ተሸክማ ብቅ አለች። እኛን አየች። ቆመች። ከዚያ ወደ ቤቷ የሚያመጣውን መንገድ ትታ፣ በሌላ ወገን ወደ ጎረቤት በሚወስደው ቁልቁለት ሮጠች። የሸክሙ ክብደት በየእርምጃው ወደ ፊት ይገፋታል፤ ተረከዟ እየተተከለ ይይዛታል። አንዱ፣ ሌላው፣ አንዱ፣ ሌላው። እታች ደርሳ ከአጥር ጀርባ እስክትሰወር ድረስ ጋሽ ደበላ አንገታቸውን አልመለሱም።

«አየህ?»

«አየሁ።»

«እንግዲያው ሂድ፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ። ልጅቷ አንተን ሽሽት በዱቄት አንገቷን ልትሰብር ነው።»

ተነሣሁና ሄድኩ።